የእናቴ ጆሮና ድምፅ አልባዋ መኪና

በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን የሚነሳ ክርክር ዕድሜው አጭር ነው፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ያን ሰሞን የተነሳው ግን ሰነበተ። መንግሥት በኤሌክትሪክ ለሚሠራ መኪና ቀረጥ ማንሳቱ፣ ከዋጋውም ላይ መደጎሙ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? የኢኮኖሚክሱ መምህር «መብራት እየጠፋ በሻማ በምናርምበት አገር ይሄ ቅንጦት ነው» ይላል። የፊዚክሱ መምህር «ጭስ ስትውጥ ለኖርክበት ሳንባህስ ማን ይደጉምልሃል?» ብሎ ይመልስለታል። ሲባባሉ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ተናገሪ እንጂ! አባትሽ ነድቶት የለ?»

«ያዋጣል» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ። ከዚያ «ግን» አልኩና ቀሪው አልወጣልኝ አለ። ደወል ተደወለ ብዬ ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ። ደወል አልተደወለም ነበር። ተማሪ በሌለበት ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ያልተደወለ ደወል መስማት የቤተሰብ በሽታችን መሆኑን አስታወስኩ።

ሐረርን ለጉብኝት የመጣ ሰው በዓይኑ ያያታል። እኛ የምንኖርባት በጆሯችን ነው። ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብና ጠማማ ስለሆነ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው ነገር አይታይም፤ ይሰማል። የሚመጣው አህያ ይሁን ባጃጅ ሰው በድምፁ ለይቶ ነው ግድግዳ የሚጠጋው። ልብስ ሰፊዎቹ የተደረደሩበትን መንገድ እንኳ መኪና ግርግር ያልነው በስፌት መኪናቸው ጩኸት ነው። ይህን የምለው እናቴን እብድ እንዳትሏት ብዬ ነው። እናቴ እብድ አልነበረችም።

ቤታችን አቦከር ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር በሚያወርደው ቁልቁለት ወገብ ላይ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ያኔም ታክሲ ነጂ ነው። ታክሲዋ የፈረንሳይ ሥሪት፣ ሰማያዊ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አሮጊት ናት። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ተበስቷል፤ የኋላ በሯ ይንቀጫቀጫል፤ ማርሽ ሲቀየርላት ታቃስታለች። እናቴ ገና ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሳለች ትለያታለች። በእጇ የያዘችውን ትጥልና «መጣ» ብላ የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። አባቴ በራችን ላይ ጡሩምባ ነፍቶ አያውቅም፤ አያስፈልገውም ነበር።

አሁን የሰፈራችንን አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የሚከተለው ሁሉ ትርጉም የለውም። ሹፌር ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ነፃ አድርጎ ሲንሸራተት «በፎሌ ወረደ» ይባላል። ነዳጅ ለመቆጠብ በየቁልቁለቱ የሚያደርጉት ነገር ነው። በእኛ ቁልቁለት ላይ ግን ማንም አያደርገውም። እኛ ዘንድ በፎሌ የሚወርድ መኪና መርዶ የያዘ መኪና ነው። ነገሩ የመጣው ከዚያው ከጆሯችን ነው። ታክሲዎቹን ሁሉ በድምፅ ስለምናውቅ፣ ያልተጠበቀ ታክሲ ደጃፍ ላይ ሲቆም የቤቱ ሴቶች ተንጋግተው ይወጣሉ። መርዶውን የሚነግሩት ሽማግሌዎች ከመኪናው ወርደው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ገብተው ሳይቀመጡ ነገሩ መንገድ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ሹፌሮቹ ተስማሙ። መርዶ ነጋሪ የጫነ፣ ወይም ከሆስፒታል ሬሳ የሚያመጣ መኪና ከአናት ላይ ሞተሩን አጥፍቶ በዝምታ ይወርዳል። ሌላው ሁሉ ነዳጁን እያቃጠለ፣ እየጮኸ ይውረድ።

በድንበሩ ጦርነት ዘመን አባቴ ራሱ ብዙ ጊዜ በፎሌ ወርዷል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ላይ የጎማው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። በመስኮት የሚያየው ሰው መኪናው የራሱን በር አልፎ እስኪሄድ ትንፋሹን ይይዛል። ካለፈ በኋላ ደግሞ ማን ቤት እንደቆመ ለማወቅ ጆሮውን ያቆማል። እኔ ልጅ ሆኜ ከድምፅ ይልቅ የምፈራው ያን ዝምታ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሶማሊያ ወደብ በቦሳሶ በኩል ባሕር ለመሻገር የወጣው ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ነው። ለእናቴ ድሬዳዋ ሥራ አገኘሁ ብሏት ነበር። ከየመን አንዴ ደወለ። «ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ከዚህ ወደ ሳውዲ እንሻገራለን» አለ፤ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ስልኩን የተቀበለችው እናቴ ናት። ስልኩ ከተቋረጠ በኋላም ብዙ ቆይታ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው አስታውሳለሁ። ስሟን ጠርቶ ሳይሰናበታት መቋረጡ ነበር የከነከናት።

እንግዲህ ከዓመታት በኋላ ኤሌክትሪኳ መኪና የመጣችው እዚህ ቤት ነው።

ሙከራ ነው ተባለ። አሮጌ ታክሲውን የሚያስረክብ ሹፌር አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ያለ ቀረጥ ይሰጠዋል፤ የዋጋውን እኩሌታ መንግሥት ይሸፍንለታል። ባትሪውንም መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ በነፃ ይሞላል። ለሐረር የደረሱት ጥቂት ነበሩ፤ አባቴ አንዷን አገኘ። ያኔ ሳሉ ጠንቶበታል፤ ሐኪሙም «ጭሱን ካልተውክ እኔን አትመላለስብኝ» ብሎታል። ለሰማያዊዋም መለዋወጫ ከጠፋ ቆይቷል። እኔ ራሴ ውሰድ፣ ውሰድ ብዬ ወትውቼዋለሁ። ዳግም ቢሆንም እወተውታለሁ።

ውሉ አሮጌዋ ተመልሳ መንገድ ላይ እንዳትወጣ ይላል። ስለዚህ አባቴ ዓይኑ እያየ በመቁረጫ ተቆራረጠች። ከወለሉ ላይ የለቀማቸውን ብሎኖች ኪሱ ሞልቶ መጣ። እናቴ ሱሪውን ልታጥብ ስታራግፍ አገኘቻቸውና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠቻቸው።

በዚያው ሳምንት እናቴ በምሳ ሰዓት ሽሮውን እሳት ላይ ትታ ተነሳች። «መጣ» ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። መንገዱ ባዶ ነበር። ሽንኩርት የጫነች አንዲት አህያና ባለቤቷ ብቻ ነበሩ። «ሰማሁት እኮ» አለችኝ። «በሩ ሲንቀጫቀጥ ሰማሁ።» ልምድ ነው አልኳት። እንዲህ እያለች በየቀኑ ባዶ መንገድ ላይ በር ትከፍት ጀመር። ልቆጣት ይዳዳኝ ነበር። አንድ ቀን ደብተር ሳርም ግን ያ የተበሳ ማርሚታ ከአናት ላይ ሲያጉረመርም፣ ከዚያም መታጠፊያው ላይ ማርሽ ሲያቃስት ሰማሁ። ቀና ስል እናቴም ቀና ብላለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። የተቆራረጠች መኪና ነበር የምንሰማው። በሩን ልንከፍት ማናችንም አልተነሳንም፤ ድምፁም በራችን ድረስ መጥቶ ቀረ።

አባቴ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ማንም ሳይሰማው ነው። ከጓዳ ስንወጣ ግቢው ውስጥ ቆሞ እናገኘዋለን፤ ነጯ መኪና ከጀርባው። የመጀመሪያ ቀን እናቴ የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው። «አቦ፣ ሰው እኮ ነኝ!» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

በሰፈሩ ደግሞ ነገሩ ከእኛ ቤት የባሰ ሆነ። ከኤረር በኩል ማገዶና አትክልት ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች ጀርባቸው ላይ እስክትደርስ አይሰሟትም። አንዷ ሴት ዞር ስትል መኪናዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማ ስትጠብቃት አገኘች። «ያ ረቢ! ይሄ ደሞ ከየት በቀለ?» ብላ ጎመኗን በተነች። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሐጂና ባለቤታቸው የረጅም ዘመን ጎረቤቶቻችን ናቸው። እማማ፣ የሐጂ ባለቤት፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ መኪናዋ ያለ ድምፅ ስትወርድ ሲያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላሉ፤ ለሞተ ሰው የሚባለውን። ከዚያ አባቴን ያውቁትና «አስተግፊሩላህ፣ አንተ ነህ እንዴ ልጄ?» ይሉታል። አባቴ በቀን ስንት ጊዜ የሙት ዱዓ ተደርጎበት እንደሚወርድ እየቆጠርኩ እቀልድበት ነበር። ቀልዱ ብዙ አልቆየም።

አንድ ከሰዓት አባቴ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሁለት ተሳፋሪዎች ጭኖ ሲወርድ አህያ መንገዱን ዘጋችበትና ቆመ። የቆመው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በር ላይ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት በመስኮት አየች። ድምፅ የሌለው መኪና፣ ነጭ ጋቢ፣ የማይወርዱ ሰዎች! ጩኸቷን ለቀቀችው። ቁልቁለቱ በአንድ ጊዜ ሞላ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ገቡ፤ እናቴም ገባች። አባቴ ከመኪናው ወርዶ «ኧረ ማንም አልሞተም! ኧረ በእግዚአብሔር!» ይላል። መርዶ ያመጣ ሰው ደግሞ ሁሌም እንዲያ ስለሚል ማን ይመነው! ሚስትየው ባሏን ነበር የምታለቅሰው። የወፍጮው ማዞሪያ ቀበቶ ይዞት እንደሚሞት ሁልጊዜ ትፈራ ነበርና።

ልቅሶው ደምቆ ሳለ ባልየው ጩኸቱን ሰምቶ ከወፍጮ ቤት እየሮጠ መጣ። ከፀጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ። በሴቶቹ መካከል ገብቶ እሱም ጭንቅላቱን ይዞ «ማነው? ማንን ነው?» ይላል። አንዷ ሳታየው «ባለቤቷን ነው» አለችው። ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንደሞተ ያመነ መሰለኝ። ሚስቱ ቀና ስትል ያንን ነጭ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ሲያለቅስ አየችና ራሷን ሳተች።

በኋላ ሰፈሩ ለወራት ስቆበታል። ያን ቀን ግን ያየሁትን አልረሳም። ማንም እንዳልሞተ ከታወቀ በኋላም ሴቶቹ ማልቀሱን ማቆም አልቻሉም። ለማን እንደሆነ ሳያውቁ አለቀሱ። ማታ እናቴ ነጠላዋን ስታቃና እንዲህ አለችኝ፤ «መኪናው የእኛን በር አልፎ ሲሄድ ተመስገን አልኩ። ሰው ሊሞትበት ነው፣ እኔ ተመስገን አልኩ።» ከዚያ ወዲህ አባቴን በር ላይ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች። ከሰዓት ሲሆን በርጩማዋን ታወጣለች። ቁልቁለቱን ሽቅብ እያየች፣ መኪናዋ ሳትደርስባት በፊት በዓይኗ ልትይዛት ትቀመጣለች። ወጡ ያራል፤ ልብሱን ዝናብ ይመታዋል። ፊቷ ላይ አጥንቷ ወጣ። እዚያ ተቀምጣ ስለ ማን እንደምታስብ አንድም ቀን አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

አባቴም የራሱ ነገር ጀመረው። አንድ ምሽት ፀሐይ እንደገባች ከኤረር በር አልፎ ሲመለስ ጅብ ከፊቱ እየሄደ አገኘው። ጅብ በሐረር ብርቅ አይደለም፤ መኪና ሲሰማ ገለል ይላል። ይኼኛው አልሰማም። መብራት እያበራበት፣ አንገቱን እንኳ ሳያዞር ከፊቱ ፊቱ ሄደ። «ያለሁም አልመሰለኝ» አለን አባቴ። «ሰው አይሰማኝ፣ አውሬ አይሰማኝ። መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ መኖሬን ለማወቅ ነው ያየሁት።» እናቴ ይህን ስትሰማ ተነስታ ወጣች።

እኔ ግን አፌ አያርፍም። ስለ መኪናዋ ከአባቴ ጋር ተከራከርኩ። ሳልህ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ሄዷል። ከደረትህ ጥቁር አክታ ይወጣል? አይወጣም። ድጎማ ኃጢአት የሚመስላቸው ሰዎች ይገርሙኛል፤ ቤንዚኑንስ ቢሆን መንግሥት ዋጋውን ይዞልን አይደል ስናቃጥለው የኖርነው? ለጭሱ ስንደጎም ያልቆጠርነውን ለጭስ ማጣት ስንደጎም ለምን እንቆጥራለን? ይህን ሁሉ አልኩ። ነገሩ ንጹሕ እንዳልነበርም አልክድም። መብራት ሲጠፋ መሥሪያ ቤቱ ግቢ በናፍጣ ጀነሬተር ነበር ባትሪዋን የሚሞሉላት። አባቴ ተራ ይዞ እዚያ ጭስ መሐል ቆሞ ሲስል አንድ ቀን አይቼዋለሁ። ቢሆንም ያ የመብራቱ ጥፋት ነው እንጂ የመኪናዋ አይደለም ባይ ነኝ።

አባቴ ሰማኝና «ግማሹን መንግሥት ከፍሎልኛል፤ እሱን አልካድኩም» አለ። «ሌላውን ግማሽ ግን እናትሽ ናት በየቀኑ የምትከፍለው። ልመልሳት ብል አይቀበሉኝም። ልሽጣት ብል ውሉ አይፈቅድም። አሮጌዋ የለች። ምን ልሁን?»

ያቺ መኪና እንጀራችን ናት። የተቆራረጠ ነገር ተመልሶ አይገጠም።

መጀመሪያ ጡሩምባ ሞከረ። እየነፋ ሲወርድ ልጆች ሙሽራ መጣ ብለው እልል እያሉ ተከተሉት። ተወው። ከዚያ አንድ እሑድ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። መስኮቱ ደፍ ላይ የነበሩትን የሰማያዊዋን ብሎኖች ጣሳው ውስጥ ጨመረ፤ ክዳኑን ጠረቀመው፤ በሲባጎ ከመኪናዋ የኋላ መከላከያ ሥር አሰረው። ወደ አናት ወጥቶ ወረደ። ቅሽልሽል፣ ቅሽልሽል፣ ቅሽልሽል። አስቀያሚ ድምፅ ነው። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰማችው፤ ብቅ አለችና በሩን ከፈተች። «መጣ» አለች። ያን ቀን ያልበረደ ምሳ በላን።

ጣሳው ቤታችንን መለሰልን። በርጩማው ወደ ቦታው ገባ። እማማም ዱዓቸውን ለሚገባው ሰው አቆዩት። የሙከራው ሰዎች ግን ሊጎበኙ መጥተው ተናደዱ። አንዱ ወጣት መኪናዋን ዞሮ አያትና «አባት፣ የመኪናዋ ዋናው ጥቅም እኮ ድምፅ አለመኖሩ ነው። ይሄን ያህል ተደጉሞ ጣሳ ይንጠለጠልበታል?» አለው። አባቴ ፎቶ እስኪያነሱ ፈታው፤ ሲሄዱ መልሶ አሰረው። ልጁ አልተሳሳተም። የኛ ቁልቁለት ልማድ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈ፣ ከየት ይወቀው?

ሲባጎው እየተበላ አልፎ አልፎ ይበጠሳል። መጀመሪያ ጊዜ ተበጥሶ አባቴ በዝምታ ሲመጣ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ውሃ አጠጣኋት። ሁለተኛ ጊዜ ፊቷ ብቻ ነጣ። ከዚያ በኋላ መቀለድ ጀመረች። «ጣሳህን ደግሞ የት ጣልከው አንተ?» ትለዋለች፤ እሱም ከጎማው አጠገብ አንስቶ ያሳያታል። የሲባጎ ጥቅል በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅላ አኖረች። ሲበጠስ ራሷ ጎንበስ ብላ ታስረዋለች። የእሷን ቋጠሮ የእሱ አያህለውም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ፍርሃቷን ረሳች ብዬ አመንኩ፤ ደስም አለኝ።

ቅዳሜ ነበር፤ እኩለ ቀን ሊሆን ነው። እኔ ግቢው ውስጥ ፈተና አርማለሁ፤ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ምንነቱን ልብ ያላልነው ዝምታ መጣ። ጎማ ድንጋይ ላይ ሲንከባለል ብቻ ተሰማኝ። እናቴ ሠፌዱን አስቀመጠች። «ይኸው ደግሞ ጣለው!» ብላ ሳቀች። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሲባጎ አወረደች፤ በጥርሷ ቁራጭ በጠሰችና እያጠማዘዘች በሩን ከፈተች። ተከትያት ወጣሁ።

መኪናዋ በራችን ላይ ቆማለች። አባቴ መሪው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አልወረደም። ጣሳው ጭኑ ላይ አለ። ሲባጎው አልተበጠሰም። የእናቴ ቋጠሮ ተፈትቶ፣ ሲባጎው ተጠቅልሎ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። ከኋላ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሐጂ አሉ። ከሳውዲ የተመለሰ የከተማችን ሰው አባቴን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አግኝቶ፣ ወንድሜን በየመን ባሕር ዳር በእጁ እንደቀበረው የነገረው የዚያኑ ቀን ጠዋት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ በሌላ ታክሲ እንሂድ ብለውት ነበር። አባቴ «ከእኔ መኪና ሌላ አይነግራትም» ብሎ እምቢ አለ።

እናቴ አባቴን አየችው፤ ቄሱን አየች፤ ሐጂን አየች። ከዚያ ጣሳውን አየች። ሲባጎው እጇ ላይ አለ።

«ስጠኝ፣ ልሰረው» አለችው።

አባቴ ሰጣት። ሲያቀብላት ብሎኖቹ ውስጥ ውስጡን ተንኮሻኮሹ። እናቴ ከመኪናዋ ኋላ ሄዳ ተንበረከከች። አሰረችው፤ ደጋግማ ቋጠረችው፤ ጎትታ ሞከረችው። ልረዳት ጠጋ ስል በክንዷ ገፋ አደረገችኝ። ተነስታ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ መስኮቱ መጣች።

«ወደ ላይ ውጡ» አለች። «ውጡና ከአናት ጀምራችሁ ኑ። እየሰማኋችሁ ኑ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ ሐጂ በቀስታ። ቄሱ አባቴን ትከሻውን ነካ አደረጉት። አባቴ ማርሽ አስገባና ሽማግሌዎቹን እንደጫነ ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ሽቅብ ወጣ። የጣሳው ድምፅ እየራቀ እየራቀ ሄደ፤ አናት ላይ ሲደርስ ጠፋ። ላለቅስ ስል እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ተውኩት። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። እማማ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል፤ እሳቸውም ከንፈራቸውን አላንቀሳቀሱም።

ከአናት ላይ ተሰማ። ቅሽልሽል፣ ቅሽልሽል። መታጠፊያውን አለፈ፤ ቀረበ። እናቴ የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«መጣ» አለችኝ።